የመጀመሪያውን ቴሌስኮፕ ከመግዛታችሁ በፊት

ለዚህ ዓምድ ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ደም ግፊት፣ ስለ ስኳር፣ ስለ ልጆች ሳልና ስለ ክትባት ናቸው። የዛሬው ለየት ያለ ነው። ጥያቄውን የላኩልኝ ሰበታ አካባቢ የሚኖሩ፣ የ12 ዓመት የልጅ ልጃቸውን የሚያሳድጉ አያት ናቸው። የልጅቷ እናት ጅዳ ሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። ልጅቷ ከጥቂት ወራት ወዲህ ማታ ማታ ግቢ ወጥታ ሰማይ ማየት አብዝታለች፤ «ቴሌስኮፕ ግዢልኝ» ብላም እናቷን በስልክ ለምናለች። እናትም ለእረፍት ስትመጣ ይዛላት እንደምትመጣ ቃል ገብታለች። አያት የጠየቁኝ ሁለት ነገር ነው፤ «ዓይኗን አይጎዳባትም ወይ? ደግሞስ ልጄ ደክማ ያገኘችው ገንዘብ ለአንድ ሳምንት መጫወቻ እንዳይሆን፣ የትኛውን ትግዛ?»

ሁለቱም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። ለልጆች ተብለው ከሚገዙ ቴሌስኮፖች ብዙዎቹ ሁለት ሦስት ጊዜ ታይተው አልጋ ሥር የሚቀሩት ልጆቹ ሰነፎች ስለሆኑ አይደለም፤ ዕቃው ከመጀመሪያውም የማይሠራ ስለሆነ ነው። ልጅ ግን ጥፋቱን በዕቃው ላይ አያደርግም፤ «እኔ አልችልበትም» ይላል። ከገንዘቡ ይልቅ ይህ ነው የሚያሳዝነው። ስለዚህ ጉዳዩን አንድ በአንድ እንየው።

ዓይን ይጎዳል ወይ?

ማታ ጨረቃን፣ ፕላኔቶችንና ከዋክብትን በቴሌስኮፕ ማየት ዓይን አይጎዳም። ሙሉ ጨረቃ በቴሌስኮፕ ስትታይ ብርሃኗ በርትቶ ለጥቂት ደቂቃ ዓይንን ሊያጭበረብር ይችላል፤ ከዚያ ያለፈ ጉዳት የለውም።

ፀሐይ ግን ሌላ ጉዳይ ናት። ልጆች በአጉሊ መነጽር የፀሐይን ብርሃን ሰብስበው ወረቀት ሲያቃጥሉ አይታችኋል። ቴሌስኮፕም ያንኑ ነው የሚያደርገው፤ ልዩነቱ በወረቀቱ ቦታ የዓይናችን ሬቲና መኖሩ ነው። ሬቲና ደግሞ ሕመም አይሰማውም። እጃችን ምድጃ ሲነካ በሕመሙ እናነሳዋለን፤ ዓይን ግን እየተቃጠለ ዝም ይላል። ጉዳቱ የሚታወቀው ቆይቶ፣ በእይታው መሃል ጥቁር ጥላ ሲጋረድ ነው። አንዴ የተቃጠለውን የሚመልስ ጠብታም መነጽርም የለም።

ስለዚህ በቤታችሁ የሚጸና አንድ ሕግ ይኑር፤ ፀሐይ ሙሉ በሙሉ ሳትጠልቅ ቴሌስኮፕም ሆነ ባይኖኩላር ለሰማይ አይወጣም። ቀን ቀን ክዳኑ ተከድኖ፣ ከመስኮት ርቆ ይቀመጥ። ክዳኑ ተከፍቶ ፀሐይ ላይ የተተወ ቴሌስኮፕ መጋረጃና ምንጣፍም ሊያቃጥል ይችላል።

ከአንዳንድ ርካሽ ቴሌስኮፖች ጋር ዓይን በሚጠጋበት ሌንስ ላይ የሚገጠም፣ «ለፀሐይ» የተባለ ትንሽ ጥቁር መስታወት አብሮ ይመጣል። እሱን ካገኛችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ ጣሉት። የሚቀመጠው ሙቀቱ ሁሉ ተሰብስቦ በሚያርፍበት ቦታ ስለሆነ ልጁ እያየ ሳለ ድንገት ሊሰነጠቅ ይችላል። ትክክለኛው የፀሐይ ማጣሪያ የቴሌስኮፑን የፊት አፍ ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን፣ ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ነው። የራጅ ፊልም፣ በጥላሸት የጠቆረ ጠርሙስ፣ የብየዳ መነጽር በቴሌስኮፕ ላይ በፍጹም አይሆኑም። ለግርዶሽ የሚታደለው የካርቶን መነጽርም ቢሆን ለባዶ ዓይን እንጂ በቴሌስኮፕ ውስጥ ለማየት አልተሠራም።

ይህን አጥብቄ የምናገረው ያለ ምክንያት አይደለም። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ላሊበላ ላይ የቀለበት ቅርጽ ያለው የፀሐይ ግርዶሽ ሲታይ ስንት ሰው የራጅ ፊልም ፍለጋ እንደተሯሯጠ ታስታውሳላችሁ። ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. ደግሞ ሌላ ትልቅ ግርዶሽ አለ። ሙሉ ግርዶሹ በግብፅ ሉክሶር፣ በጅዳና በመካ፣ በየመንና በሶማሊያ ሰሜናዊ ጫፍ ያልፋል፤ በአገራችን ደመናው ከፈቀደ ከፊሉ ይታያል። በዚያን ቀን በየቤቱ ያለ ቴሌስኮፕ ሁሉ ወደ ፀሐይ እንዳይዞር ከአሁኑ ልጆቹን ማስተማር የእኛ ሥራ ነው።

ካርቶኑ ላይ በተጻፈው ቁጥር አትመኑ

አሁን ወደ ግዢው እንምጣ። የቴሌስኮፕ ካርቶን ላይ በትልቁ «525 ጊዜ ያጎላል»፣ «675 ጊዜ ያጎላል» ተብሎ ካያችሁ ዕቃውን መልሳችሁ አስቀምጡት። ከጎኑ ያሸበረቀ የሳተርን ፎቶግራፍ ካለበት ደግሞ ፈጠን ብላችሁ አስቀምጡት።

ቁጥሩ ከየት እንደሚመጣ ላሳያችሁ። ማንኛውም ቴሌስኮፕ የትኩረት ርዝመት የሚባል ልክ አለው፤ አብዛኛውን ጊዜ ቱቦው ላይ ይጻፋል። ዓይን የሚጠጋበት ትንሹ ሌንስም የራሱ ልክ አለው። የመጀመሪያውን ለሁለተኛው ስታካፍሉ ስንት ጊዜ እንደሚያጎላ ታገኛላችሁ። የ700 ሚሊ ሜትር ቴሌስኮፕ በ25 ሚሊ ሜትር ሌንስ 28 ጊዜ ያጎላል፤ በ10 ሚሊ ሜትር ሌንስ 70 ጊዜ። ሻጩ 4 ሚሊ ሜትር ሌንስ ይጨምርና 175 ያደርሰዋል፤ በላዩ ሦስት እጥፍ የሚያባዛ ሌላ ሌንስ ይጨምርና 525 ይለዋል። ሒሳቡ ትክክል ነው፤ የሚታየው ነገር ግን ጭጋግ ነው።

ለምን ቢባል፣ የገባው ብርሃን ያው ስለሆነ ነው። እንግዳ ሲበዛ ወጡ ላይ ውኃ እንደመጨመር ነው፤ ድስቱ ይሞላል፣ ጣዕሙ ግን የለም። የተለመደው መለኪያ እንዲህ ነው፤ የቴሌስኮፑን አፍ ስፋት በሚሊ ሜትር ውሰዱና በ2 አባዙት። 60 ሚሊ ሜትር ከሆነ ቢበዛ 120 ጊዜ፣ 70 ከሆነ 140 ጊዜ ነው የሚጠቅመው። አብዛኛው ደስ የሚል እይታ ደግሞ ከ25 እስከ 100 ባለው ውስጥ ነው። ጋሊሊዮ በ1610 እ.ኤ.አ. የጁፒተርን አራት ትልልቅ ጨረቃዎች ያገኘው 20 ጊዜ ገደማ በሚያጎላ መሣሪያ ነበር።

ዋናው የአፉ ስፋት ነው

እንግዲህ ጠይቃችሁ ማወቅ ያለባችሁ «ስንት ጊዜ ያጎላል?» ሳይሆን «የፊት ሌንሱ ወይም መስታወቱ ስንት ሚሊ ሜትር ነው?» የሚለውን ነው። ዝናብ ሲዘንብ ብርጭቆና ሳፋ ጎን ለጎን ብታስቀምጡ ሳፋው የበለጠ ያጠራቅማል። ብርሃንም እንዲሁ ነው።

ጨለማ የለመደ የወጣት ዓይን ብሌን እስከ 7 ሚሊ ሜትር ይከፈታል። 70 ሚሊ ሜትር የሆነ ቴሌስኮፕ ከዚያ ዓይን 100 እጥፍ ብርሃን ይሰበስባል፤ 130 ሚሊ ሜትሩ ደግሞ 345 እጥፍ ገደማ። ለጀማሪ ከ70 ሚሊ ሜትር በታች የሆነ ባትገዙ ይሻላል፤ ከ150 በላይ የሆነውም ለልጅ ይከብዳል፣ ቦታም ይይዛል።

ሌንስ ወይስ መስታወት?

ለጀማሪ የሚሆኑት ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ከፊት ሌንስ ያለው፣ በሥዕል የምናውቀው ረጅሙ ቱቦ ነው። ጥቅሙ ጠንካራ መሆኑ፣ ሲንቀሳቀስ ልኩ ቶሎ አለመዛባቱና ብዙ ጥገና አለመጠየቁ ነው።

ሁለተኛው ብርሃኑን ከቱቦው ሥር ባለ ጎድጓዳ መስታወት የሚሰበስብ ነው። የመጀመሪያውን የሠራው አይዛክ ኒውተን ነው፣ በ1668 እ.ኤ.አ.። በተመሳሳይ ገንዘብ ሰፋ ያለ አፍ የሚገኘው በዚህኛው ነው። ጉድለቱ መስታወቶቹ አልፎ አልፎ መስተካከል መፈለጋቸው ነው። ብሎኖቹን በትንሽ በትንሹ ማዞር ነው፤ የ12 ዓመት ልጅ አንድ ጊዜ ካሳዩዋት ትለምደዋለች።

በዚህ ዓይነት ውስጥ ለቤተሰብ በጣም የምወደው ዶብሶኒያን የሚባለውን ነው። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ጆን ዶብሰን የተባለ ሰው ከጣውላና ከወፍራም የካርቶን ቱቦ ትልልቅ ቴሌስኮፖች እየሠራ መንገድ ላይ አውጥቶ አላፊ አግዳሚውን ጨረቃ ያሳይ ነበር። የእሱ መቆሚያ እንደ ሳጥን ሆኖ መሬት ላይ የሚቀመጥ፣ በእጅ ገፋ ሲያደርጉት ወደ ጎንና ወደ ላይ የሚዞር ብቻ ነው። ዛሬ በዚሁ መልክ የተሠሩ፣ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጡ ትንንሽ ቴሌስኮፖች አሉ። ለምሳሌ ስካይዋቸር ሄሪቴጅ 130ፒ የሚባለው 130 ሚሊ ሜትር መስታወትና 650 ሚሊ ሜትር የትኩረት ርዝመት ያለው ሲሆን፣ ቱቦው ወደ ውስጥ ተሰብስቦ ያጥራል። ሌሎች አምራቾችም ተመሳሳዩን ይሠራሉ፤ ስሙ ሳይሆን ልኩ ነው ቁም ነገሩ።

መቆሚያው ከተንቀጠቀጠ ሁሉም ከንቱ ነው

ሰዎች ቱቦውን መርጠው መቆሚያውን ይረሱታል። 70 ጊዜ የሚያጎላ ቴሌስኮፕ መንቀጥቀጡንም 70 ጊዜ ያጎላዋል። ቱቦውን በጣት ቀስ ብላችሁ ንኩት፤ ምስሉ በሁለት ሦስት ሰከንድ ውስጥ ካልረጋ መቆሚያው ደካማ ነው። እንደ ሬዲዮ አንቴና የሚመዘዙ ቀጫጭን እግሮች ካሉት ተዉት።

ለእኛ አገር የሚሆን አንድ ልዩ ማስጠንቀቂያም አለ። ኢኳቶሪያል የሚባል፣ የራሱ ማመዛዘኛ ክብደት ያለው መቆሚያ አለ። ሲያዩት የባለሙያ ዕቃ ይመስላል፤ ለአውሮፓና ለአሜሪካ ሰማይ ግን ነው የሚመቸው። አንዱ ዘንጉ ወደ ሰሜን ኮከብ መዞር አለበት። የሰሜን ኮከብ ከአዲስ አበባ አካባቢ ሲታይ ከአድማስ በላይ 9 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው፤ ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ስትጨብጡ የጭብጣችሁን ስፋት ያህል እንኳ አይሞላም። ሰበታ ላይ ወጨጫ ተራራ፣ አዲስ አበባ ላይ ደግሞ እንጦጦ ሊጋርደው ይችላል። ከርካሾቹ መቆሚያዎች አንዳንዶቹ ይህን ያህል ዝቅ ብለው አይሠሩም፤ ክብደቱ ከእግሩ ጋር ይጋጫል። ወደ ላይ ወደ ታች፣ ወደ ግራ ወደ ቀኝ ብቻ የሚዞረውን ቀላሉን ምረጡ።

ከቴሌስኮፕ በፊት ባይኖኩላር

የልጁ ፍላጎት ይዘልቅ እንደሆነ ገና ካልታወቀ፣ ወይም ልጁ ከ9 ዓመት በታች ከሆነ፣ በባይኖኩላር መጀመር ብልህነት ነው። በሁለት ዓይን ስለሚታይ ለልጅ ይቀላል፤ ምስሉ አይገለበጥም፤ ቀን ቀን ወፍ ይታይበታል። ልጁ ሰማይ ቢሰለቸውም ዕቃው ሥራ አይፈታም።

ላዩ ላይ 7x50 ወይም 10x50 የሚል ጽሑፍ ታገኛላችሁ። የመጀመሪያው ስንት ጊዜ እንደሚያጎላ፣ ሁለተኛው የአንዱ ሌንስ ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። አያቶች እዚህ ላይ ልብ በሉ። 50ን ለ7 ብታካፍሉ 7 ገደማ ይመጣል፤ ከባይኖኩላሩ የሚወጣው የብርሃን ጨረር ውፍረት ነው። ዕድሜ ሲገፋ ግን የዓይናችን ብሌን ጨለማ ውስጥ እንኳ 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው የሚከፈተው። ቀሪው ብርሃን ከብሌናችን ውጭ ይፈሳል። 10x50 ግን 5 ሚሊ ሜትር ስለሚሰጥ ለአያትም ለልጅ ልጅም ይሆናል። እጅ እንዳይንቀጠቀጥ ክርናችሁን አጥር ወይም የወንበር መደገፊያ ላይ አሳርፉ፤ ያኔ የጨረቃ ጉድጓዶች፣ የጁፒተር ጨረቃዎችና ተሰብስበው የሚታዩት የፕሌያድስ ከዋክብት በደንብ ይለያሉ።

ስለ ዓይናችን ጥቂት ምክር

ዓይን ጨለማን በደንብ ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል። አንድ ጊዜ የስልክ ብርሃን ካዩ ያ ሁሉ ይበላሻል። ለብርሃን ቀይ ወረቀት ወይም ቀይ ላስቲክ የተጠቀለለበት ባትሪ ተጠቀሙ፤ ቀይ ብርሃን የጨለማ እይታን እምብዛም አይረብሽም። ደብዛዛ ነገር ሲታይ ደግሞ በቀጥታ ከማፍጠጥ ትንሽ ወደ ጎኑ ማየት ይሻላል፤ የዓይናችን የጨለማ ሕዋሳት የሚበዙት ከመሃሉ ውጭ ነው።

የቅርብ ወይም የሩቅ እይታ ችግር ያለበት ሰው መነጽሩን አውልቆ የቴሌስኮፑን ማስተካከያ በማዞር ጥርት አድርጎ ማየት ይችላል። አስቲግማቲዝም ያለበት ግን መነጽሩን ባያወልቅ ይሻላል።

ሰማይ ማየት የልጁን ዓይን ለመታዘብም ጥሩ ጊዜ ነው። እናንተ የምታዩዋቸውን ከዋክብት እሱ «የሉም» ካለ የሩቅ እይታው ይመርመር። ገና ሲመሽ የሚደናቀፍ፣ ጨለማ ውስጥ ከሌሎቹ ልጆች ይልቅ የሚቸገር ከሆነ ደግሞ ዳፍንት ሊሆን ይችላልና ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ የቫይታሚን ኤ እጥረት አንዱ ቀዳሚ ምልክት ነው። አያቶችም ብትሆኑ፣ ምንም ቢያስተካክሉት በአንዱ ዓይን ኮከቡ እንደ ጥጥ ተበትኖ ከታያችሁ ሞራ ሊሆን ይችላል። ሞራ በቀዶ ጥገና የሚድን ነገር ስለሆነ አትዘግዩ።

ዓይኑ የቀላና የሚያዥ ልጅ እስኪድን ድረስ ሌሎች ከሚያዩበት ሌንስ ላይ ዓይኑን አያስጠጋ።

በመጨረሻም፣ አብዛኛዎቹ ቴሌስኮፖች ዒላማ ለመፈለጊያ ቀይ ነጥብ የሚያሳይ ትንሽ መሣሪያ አላቸው፤ ውስጡ እንደ ሳንቲም ክብ የሆነ ባትሪ ይገባል። ቤት ውስጥ ሕፃን ካለ ይህን ባትሪ እንደ መድኃኒት ቆልፋችሁ አስቀምጡ። ከተዋጠ በሁለት ሰዓት ውስጥ ጉሮሮን ማቃጠል ስለሚችል አታስመልሱት፣ «ከሰገራ ጋር ይወጣል» ብላችሁም አትጠብቁ፤ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ሩጡ።

ምን ይታያል? ምን አይታይም?

ልጆች በቴሌቪዥንና በስልክ የሚያዩት ባለ ቀለም ፎቶግራፍ በትልልቅ መሣሪያ ለረጅም ሰዓት የተነሳ ነው። ይህን ቀድማችሁ ካልነገራችኋቸው የመጀመሪያዋ ማታ የኩርፊያ ማታ ትሆናለች።

በደህና የመጀመሪያ ቴሌስኮፕ የጨረቃ ተራሮችና ጉድጓዶች ይታያሉ። ሙሉ ጨረቃን አትምረጡ፤ ብርሃኑ ከፊት ስለሚመታት ጥላ የላትም። ግማሽ ስትሆን፣ ብርሃንና ጨለማ የሚገናኙበትን መስመር ተከተሉ። ጁፒተር ከነአራት ጨረቃዎቹ ይታያል፤ ጨረቃዎቹ ከማታ ወደ ማታ ቦታ ሲቀያየሩ በወረቀት መመዝገብ ይቻላል። ሳተርን ትንሽ ቢሆንም ቀለበቱ ይለያል። የአጥቢያ ኮከብ የምንላት ቬኑስ እንደ ጨረቃ ስትጎድልና ስትሞላ ትታያለች። ጥርና የካቲት ላይ ኦሪዮን ከአናታችን በላይ ሲሆን ከቀበቶው ሥር ያለው ኔቡላ እንደ ግራጫ ጭስ ይታያል። ከዋክብት ግን በየትኛውም ቴሌስኮፕ ነጥብ ናቸው፤ አይሰፉም። አንድሮሜዳ ጋላክሲም ደብዛዛ ጉም ነው። ያ ጉም ግን ከ2 ሚሊዮን ዓመት በላይ ተጉዞ የደረሰ ብርሃን መሆኑን ስትነግሯት ልጅቷ በሌላ ዓይን ታየዋለች።

እኛ ደግሞ ብዙ አገሮች የሌላቸው ዕድል አለን። ለምድር ወገብ ስለምንቀርብ በሚያዝያና በግንቦት ምሽት የሰሜኑን ትልቁን ድብና የደቡቡን መስቀል በአንድ ሰማይ እናያለን። ሚሊዮኖች ከዋክብት የታጨቁበትን ኦሜጋ ሴንታውሪንም ከአብዛኛው አውሮፓ ማየት አይቻልም፤ ከሰበታ ግን ወደ ደቡብ ዞር ማለት ብቻ ነው፤ የአዲስ አበባ መብራትም በሌላ አቅጣጫ ነው የሚቀረው።

ልጅ ስታሳዩ «ታየሽ?» ብላችሁ አትጠይቁ። በሥራ ዘመኔ ያየሁት ነው፤ ሰው የሚያከብረውን ሰው ላለማሳዘን «አዎ» ይላል። «ያየሽውን ሣይልኝ» በሏት። ሥዕሉ እውነቱን ይናገራል።

አያያዝና አጠቃቀም

ከሰኔ እስከ መስከረም መጀመሪያ ሰማዩ ደመና ስለሆነ ክረምት ላይ የተገዛ ቴሌስኮፕ ትዕግሥት ያስጨርሳል፤ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ ይሻላል። መሣሪያውን ከማየታችሁ ግማሽ ሰዓት በፊት ደጅ አውጡት፤ የቱቦው ሙቀት ከውጩ ካልተስማማ ምስሉ ይንቀጠቀጣል። በመስኮት መስታወት ውስጥ ወይም ቀን ፀሐይ ሲያግለው በዋለ ቆርቆሮ ጣሪያ አናት ላይ አትዩ፤ የሚነሳው ሙቀት ውኃ ውስጥ እንደማየት ያደርገዋል። መብራት የጠፋበት ማታ ከመጣ አትማረሩ፤ ጋቢ ለብሳችሁ ውጡ፣ ፍኖተ ሐሊብን የምታዩት ያኔ ነው።

ሌንስና መስታወት በነጠላ ጫፍ፣ በሶፍት ወይም በጣት አይጠረግም። ትንሽ አቧራ እይታውን አይጎዳም፤ መቧጨር ግን ይጎዳዋል። በክረምት እርጥበት እንዳያሻግተው ደረቅ ቦታ ይቀመጥ።

ለልጅዎ እንዲህ ብለው ይላኩላት

አሁን ወደ ጠያቂዬ ልመለስ። አባቴ፣ ለልጅዎ ይህን ይላኩላት፤

- የአፉ ስፋት 130 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ዶብሶኒያን ከተገኘ እሱን ትግዛ። ካልተገኘ ወይም ሻንጣው ካልቻለ 70 ወይም 80 ሚሊ ሜትር ሌንስ ያለው፣ ጠንካራና ቀላል መቆሚያ ያለው ይሁን።
- በመጎላት ቁጥር የሚያስተዋውቅ ካርቶን አትግዛ።
- የሚቀያየሩት የዓይን ሌንሶች አንገት 1.25 ኢንች፣ ማለትም 31.7 ሚሊ ሜትር፣ መሆኑን ታረጋግጥ። የተለመደው ልክ ስለሆነ ወደፊት ተጨማሪ ለማግኘት ይቀላል። ከ25 እና ከ10 ሚሊ ሜትር ሁለቱ ለመጀመሪያው ዓመት ይበቃሉ።
- ክብደቱንና የካርቶኑን ልክ አስቀድማ ትጠይቅ፤ በ23 ኪሎ ሻንጣ ውስጥ ሌላም ዕቃ አለና። የዓይን ሌንሶቹን በእጅ ሻንጣዋ፣ ቱቦውን በልብስ ጠቅልላ ትያዝ። ደረሰኙን እንዳትጥል፤ የጉምሩኩንም ነገር ከመነሳቷ በፊት ታጣራ።
- ገንዘቡ ለዚህ የሚከብዳት ከሆነ አንድ 10x50 ባይኖኩላር ትግዛ። ከደካማ ቴሌስኮፕ ደህና ባይኖኩላር በብዙ ይበልጣል።

እስከዚያው እርስዎና የልጅ ልጅዎ በባዶ ዓይን ይጀምሩ። ስቴላሪየም የሚባለው የስልክ መተግበሪያ በነፃ ይገኛል፤ የትኛው ኮከብ የት እንዳለ ያሳያችኋል። አሥር ከዋክብትን በስም ለይታ የምታውቅ ልጅ ቴሌስኮፑ ሲመጣ ወዴት እንደምታዞረው አትቸገርም። በ1996 ዓ.ም. የተመሠረተውን የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲንም ጠይቁ፤ እንጦጦ ላይ ከባሕር ጠለል በላይ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የመስታወታቸው ስፋት 1 ሜትር የሆነ ሁለት ቴሌስኮፖች ያሉበት ጣቢያ አለ። በጉብኝት ቀን ልጅቷን ይዘው መውጣት ቢችሉ ያ ቀን አይረሳትም።

አንድ ነገር ልጨምርልዎ። ጅዳና ሰበታ ሰዓታቸው አንድ ነው፤ በካርታ ላይም ጅዳ ከሰበታ በቀጥታ ወደ ሰሜን ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ ጨረቃ ለእናትም ለልጅም ከሞላ ጎደል በአንድ ሰዓት ትወጣለች፣ በአንድ ሰዓት ትጠልቃለች። ቴሌስኮፑ ከመጣ በኋላ ልጅቷ የስልኩን ካሜራ ከዓይን ሌንሱ ላይ አስጠግታ ጨረቃን ፎቶ ማንሳት ትችላለች። እናቷ ሥራዋን ጨርሳ ወደ ሰማይ ቀና ስትል፣ ልጇ በዚያው ሰዓት ያነሳችውን ፎቶ ስልኳ ላይ ብታገኝ፣ ገንዘቧ የት እንደዋለ ማንም ሊያስረዳት አይገባም።

ጥያቄያችሁን ላኩልኝ፤ የሚቀጥለው ሳምንት ወደ ተለመደው የጤና ርዕሳችን እንመለሳለን። ቸር እንሰንብት።